ከማን ተማሩ?

የኦንላይን ዜና ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ ስል የደብረ ማርቆስ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ጋዜጣው የታለ?» ብሎ ነበር። ጋዜጣ የለውም፣ በኢንተርኔት ነው የሚወጣው ስለው በሐዘኔታ ያየኛል። በእጁ ያልዳሰሰውን ዜና ዜና ነው ብሎ መቀበል አይዋጥለትም። አልፈርድበትም። እኔ ራሴ የሠራነውን ነገር በዓይኔ የማየው ኔትወርክ የተገኘ ቀን ብቻ ነበር።

ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር የሁለት ሺዎቹ የመጀመሪያ ዐሥር ዓመት ሊገባደድ ሲል ነው። ድርጅቱ የክልል ከተሞችን ንግድና የቴክኖሎጂ ፈጠራ እዘግባለሁ ብሎ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመ ነበር። የጎጃም ቅርንጫፍ የሚባለው ሁለት ሰው ነው፤ የኔታና እኔ። የኔታ ስማቸው አይደለም። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው የተማሩ፣ በኋላ አስኳላ ገብተው ለዓመታት አማርኛ ያስተማሩ፣ በመጨረሻ ጠመኔውን ጥለው አዘጋጅ የሆኑ ሰው ናቸው። በቀልድ የኔታ ማለት የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ቀልዱ ቀርቶ ስሙ ተረፈ። እኔ የደምበጫ ሙስሊም ነጋዴ ልጅ ነኝ። ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ካሜራ ትችላለች ብለው ወሰዱኝ። ቁጣ ይቀድመኛል፤ እሳቸው ደግሞ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። ለዚህ ይሆናል ተቻችለን የኖርነው።

ቢሯችን ከመናኸሪያው አጠገብ፣ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ጀርባ ያለች ጨለማ ክፍል ነበረች። ክረምት ሲገባ ጉሙ በበሩ ሥር ይገባል። መብራት ሲኖር ኔትወርክ የለም፣ ኔትወርክ ሲመጣ መብራት ይሄዳል። ፎቶ መላክ ስለማይሞከር ጽሑፉንና ፎቶውን ፍላሽ ላይ ጭነን፣ በፌስታል ጠቅልለን፣ በጠዋቱ አውቶቡስ ለረዳቱ እንሰጠዋለን፤ አዲስ አበባ ያለው ኃላፊ ተቀብሎ ድረ ገጹ ላይ ያወጣዋል። ስለ ቴክኖሎጂ የምንጽፈው ዜና ከዶሮና ከቅቤ ጋር ነበር ዓባይን የሚሻገረው።

ኃላፊው በደወለ ቁጥር «ስታርትአፕ አምጡልኝ» ይላል፤ አዲስ የፈጠራ ድርጅት ማለቱ ነው። ሲሉ ሰምታ እንደተባለው ነው። ስታርትአፕ ከየት ይምጣ? እኛ ያለን ድንች ነው። ሮብ ገበያ የምትባለው ከተማ ድረስ ወጥተን፣ ከጮቄ ተራራ በሚመጣ ብርድ እየተንቀጠቀጥን፣ የድንች ዘር የማይበሰብስበት ጎጆ የሠራ ገበሬ ጻፍን። እሱንም ስታርትአፕ ብሎ አወጣው።

የኔታ ከቅኔ ቤት ይዘዋቸው የመጡ ሁለት የማይሽሯቸው ልማዶች ነበሯቸው። አንደኛው፣ ማንንም ሲያነጋግሩ አስቀድመው «ከማን ተማሩ?» ብለው መጠየቅ ነው። ቅኔ ቤት ሰው የሚከበረው በመምህሩ ነው። እኔ የእገሌ ደቀ መዝሙር ነኝ፣ እሱ ደግሞ የእገሌ፣ እያለ ወደ ላይ ይቆጥራል። መምህር የሌለው ሰው የሚናገረው ሁሉ ከሜዳ የለቀመው ነው ይሉ ነበር። ስለዚህ ማንኛውም ጽሑፋቸው ከባለታሪኩ መምህር ይጀምራል፤ የድንቹ ጎጆ እንኳ ጎተራ መሥራት ካስተማሩት አጎቱ ነው የጀመረው።

ሁለተኛው ልማዳቸው ደግሞ፣ የተጻፈ ነገር ለባለቤቱ ጮክ ተብሎ ሳይነበብ አይወጣም። ደቀ መዝሙር የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ፣ መምህሩ አርሞለት ነው ቅኔ የሚሆነው፤ ዜናም ያው ነው ይላሉ። ለአንድ ዜና ሮብ ገበያ ሁለቴ ስንመላለስ እኔ እነጫነጫለሁ፣ አዲስ አበባ ይቆጣል። ሰው ግን ወደደው። ኢንተርኔት ላይ የማያየውን በጆሮው ይሰማዋል። እየዋለ እያደረ ባለታሪኮቹ ጎረቤት እየጠሩ፣ ጠላ እያስጠመቁ ይጠብቁን ጀመር። እኔ ጠላ ስለማልጠጣ ለእኔ ለስላሳ ይመጣል። ንባቡ ራሱ ትንሽ ድግስ ሆነ።

የዚህን ታሪክ ባለቤት፣ ብረት በያጁን፣ ያገኘናቸው እንግዲህ ነገሩ እዚህ ደርሶ ሳለ ነው። ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ጨዋታ የሚያውቁ ሰው ናቸው። የከተማው የብረት በርና መስኮት ብዙው የእሳቸው እጅ ነው። ከአንድ ተገልብጦ ከተጣለ ባጃጅ ሞተሩን አውጥተው የጤፍ መውቂያ ሠሩ ተባለና ሄደን አየነው። ሚስታቸው ሞተዋል። ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ልጅቱ በዚያ ሰሞን ታጭታ ነበር። የልጁ ወገኖች ሽማግሌ ልከው፣ አባት እሺ ብለው፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ተቆርጧል። በያጁ ስለ ማሽኑ ስንጠይቃቸው ስለ ሠርጉ ይመልሱልን ነበር። የሠርጉን ዳስ ብረት ራሳቸው ሊሠሩት ነው፤ ጨረታ አይወጣም ብለው ያስቁናል።

የልጁ አባት የእህል ነጋዴ ነው። ይህን ሰውዬ አንቱ ማለት እስከ ዛሬ እምቢ ይለኛል። በአገሩ ልማድ ሁለቱ ወገን እስከ ሰባት ቤት ትውልድ ይቆጥራሉ፤ ዝምድና እንዳይኖር ነው ይባላል፤ ሲቆጠር ግን ሌላም ነገር ይታያል። በያጁ የተወለዱት በይጁቤ በኩል ገጠር መሆኑን፣ ወላጆቻቸው ገበሬ እንደነበሩ ተናግረዋል፤ እሱም ታልፏል። ብየዳ ደግሞ የከተማ ሥራ ነው፤ በኤሌክትሪክ ነው፤ የሚነቅፈው የለም።

ማሽኑን አውድማ ላይ ሲሠራ ፎቶ ላነሣው ፈለግሁ። የኔታ «ይጁቤ ጥሩ ጤፍ አለ፤ የእርስዎም አገር ነው፤ እዚያ እንውሰደው» አሉ።

«መንገዱ አይመችም» አሉ በያጁ።

መንገዱ ያን ያህል ክፉ አልነበረም። እኔም ነገሩን ከቁም ነገር ሳልቆጥረው ደምበጫ እናድርገው አልኩ፤ የአባቴ ደንበኛ የሆነ ገበሬ አውድማውን ሰጠን። ሞተሩ ሲነሣ ጩኸቱ መንደሩን ሞላው። በሬዎቹ ዳር ላይ ቆመው ሥራቸው ሲነጠቅ ያያሉ። ገለባው በአንድ በኩል እየተተፋ፣ ጤፉ በሌላ በኩል ሸራው ላይ ሲወርድ ገበሬው በመዳፉ ዘግኖ አሸተተው፤ እበት አይሸትም ብሎ ሣቀ። በያጁ ቅንድባቸው ድረስ ገለባ ለብሰው ነበር። ያን ቀን ካነሣኋቸው ፎቶዎች የተሻለ አንሥቼ አላውቅም።

ሥራው አልቆ ሰው ሲበተን፣ ሦስታችን ገለባው ላይ ተቀምጠን የኔታ ጠየቁ። «እሺ ጋሼ፣ ከማን ተማሩ?»

በያጁ የቅንድባቸውን ገለባ ጠረጉ። ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን የጠየቃቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ጀመሩ፤ ሲጀምሩ ደግሞ ማቆሚያ አጡ። አባታቸው ቀጥቃጭ ነበሩ። በይጁቤ በኩል ላለው አገር ማረሻውም፣ ማጭዱም፣ መጥረቢያውም ከአባታቸው ቤት ነው የሚወጣው። እሳቸው ወናፍ እየነፉ ነው ያደጉ። የብረቱን መልክ እያዩ መቼ እንደሚመታ፣ መቼ እንደሚታገሡት ያስተማሩ አባታቸው ናቸው። «ማረሻውን ከእጁ ይቀበሉታል» አሉ፤ «ውኃ ግን ከቤታችን የጠጣ ሰው አላየሁም። ልጅ ታመመ ሲባል የኛ በር ነው የሚታየው። ቡዳው በላው ይላሉ። አባቴ ብረት ቢሆን ዝጎ ያልቅ ነበር፤ ሰው ሆኖ እንጂ ቻለው።» አባታቸው ሲሞቱ ወደ ደብረ ማርቆስ መጡ፣ ጋራዥ ተቀጥረው ብየዳ ለመዱ፣ ከዚያ ወዲህ የአባታቸውን ሥራ በአፋቸው አንሥተው አያውቁም። ለልጃቸውም አልነገሯትም።

ጻፉት አላሉም። አትጻፉትም አላሉም። እጃቸውን እያራገፉ ተነሡና ማሽኑን ወደ መጫን ሄዱ።

ስንመለስ የኔታ ሚኒባሱ ውስጥ ፊታቸው በርቶ ነበር። «መምህር ማለት ይህ ነው» ይላሉ እየደጋገሙ። እኛ ነጋዴዎቹ ከዚህ ክፉ ልማድ ነጻ ነን አልልም፤ እኛም ቤት ቀጥቃጭ ሲባል ልጅ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ፈራሁ።

«የኔታ፣ ልጅቱ እኮ ልትዳር ነው» አልኳቸው።

«እናነብላቸው የለም እንዴ?» አሉ። «ካልፈለጉት እንሠርዘዋለን። ለዚህ አይደል የምናነበው?»

እውነት መሰለኝ። እውነትም ነበር።

ለንባቡ የተቀጠረው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ብየዳ ቤቱ ስንደርስ ግቢው ተጠርጎ፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ ሰው ሞልቶ አገኘነው። በያጁ ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል። ዋናው ወንበር ላይ የልጁ አባት ተቀምጧል፤ ከጎኑ ለልጅቱ የመጡት ሽማግሌዎች አሉ። በያጁ ራሳቸው ናቸው የጠሯቸው። ስለ እኔ የተጻፈ ይነበባል፣ ኑና ስሙ ብለው። ደምበጫ ገለባው ላይ የተናገሩት ለእሳቸው ጨዋታ ነበር፤ ዜናው ማሽኑ ነው ብለው ነው የሚያስቡት። ዜና ከአባት ይጀምራል ብሎ የሚያስብ ሰው ከየኔታ በቀር በአገሩ ላይ አልነበረም።

የየኔታን ኮት ያዝኩ። «ሰው አለ» አልኳቸው በጆሯቸው።

«መቼ ሰው ጠፍቶ ያውቃል?» አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ዘረጉ። ሲያነቡ ድምፃቸው ያምራል፤ ለዚህም ሰው ይወዳቸዋል። ከመጀመሪያው መስመር ጀመሩ። ይህን ማሽን የሠሩት እጆች ብረትን ያወቁት ወናፍ ፊት ቁጭ ብለው ነው፤ መምህራቸው አባታቸው ናቸው፤ አባታቸውም አገሩን ሁሉ ያረሰውን ማረሻ የቀጠቀጡ ታላቅ ባለሙያ ነበሩ፤ እያለ ጽሑፉ ይሄዳል።

ዓይኔ በያጁ ላይ ነበር። ቀኝ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ ትንሽ አነሡ። የኔታ ወረቀቱ ላይ አቀርቅረው አላዩም። አሁን ያስቆሟቸዋል ስል፣ እጃቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። የኔታ ቀጠሉ። ልጅቱ ጠላ ልትቀዳ ማንቆርቆሪያ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀርታለች። ነጋዴው ብርጭቆውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

ንባቡ ሲያልቅ አጨበጨበ። ማሽኑን ዞሮ አየ፤ አመሰገነ። ከዚያ በጨዋ ደንብ «ይጁቤ ወዴት በኩል ነው ያሉኝ?» ብሎ ጠየቀ። በያጁ የቀበሌውን ስም ነገሩት። «እም» አለና ገበያ ቀን ስለሆነብኝ ብሎ ተነሣ፤ እሑድ ገበያ አልነበረም። ሽማግሌዎቹም ተከትለውት ወጡ። ብርጭቆው እንደሞላ ወንበሩ ሥር ቀረ።

ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። እንደገና ብንቆጥር በሰባተኛው ቤት ዝምድና ተገኘ፤ እግዚአብሔር አልፈቀደውም አሉ። ላለመዛመድ ዘመድ ነን አሏቸው። ጨዋ አነጋገር ነው፤ ማንም አልተሰደበም። እኔ ይህን ስሰማ ያደረብኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም፤ ቢሰድቧቸው ይሻል ነበር እላለሁ። አባቴ ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላል። የሚገርመው፣ ያን ዜና ኢንተርኔት ላይ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ገና አልወጣም። ከተማውን ለማዳረስ የአንድ ግቢ ሰው በቃ።

ልጅቱ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ቢሮ መጣች። የኔታ ሲያዩዋት ከወንበራቸው ተነሥተው መቀመጥ አቃታቸው። «ሙሉውን አንብቡልኝ» አለች፤ «ያን ቀን ከመጀመሪያው በኋላ ያለው አልተሰማኝም።» የኔታ ወረቀቱን አንሥተው ለእኔ ሰጡኝ። አነበብኩላት። ስጨርስ «አያቴ ምን ይሠራ እንደነበር እንኳ አላውቅም ነበር» አለች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ የምሳ ሰዓቷ አልቆባት ነበር።

የኔታ ያን ቀን ጽሑፉን አወጡና የአባትን ነገር በሙሉ ሠረዙት። በቦታው «ራሳቸውን በራሳቸው ያስተማሩ ባለሙያ» የሚል ሐረግ አስገቡ። ሌላ ሰው ቢጽፈው ኖሮ የሚስቁበት ዐረፍተ ነገር ነው። ለልጅቱ ብለው ነው፤ ሌላ የሚያጭ ቢመጣ ይህ ነገር በጽሑፍ እንዳይጠብቃት ነው። እኔም ጥሩ ነው አልኩ። ተመልሰን ግን አላነበብንላቸውም። በያጁ ግቢ በምን ፊታችን እንገባለን? ባለቤቱ ሳይሰማው የወጣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጽሑፋችን እሱ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ፍላሹን ለረዳቱ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ብዙም ሳይቆይ አገሩ ታመሰ። መንገድ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ወታደር መጣ፤ ኢንተርኔቱም ጠፋ። ወራት አለፉ። ስለ ኢንተርኔት የምንጽፍ ሰዎች ኢንተርኔት በሌለበት ከተማ ቁጭ ብለን ቀረን። የኔታ ከልማድ ብዛት ይጽፋሉ፤ እኔ ካሜራዬን እወለውላለሁ። በመጨረሻ ኃላፊው ደወለና ድርጅቱ መዘጋቱን ነገረን፤ ማስታወቂያ የሚሰጥ ጠፋ አለ። ድረ ገጹ የተከፈለበት ጊዜ እስኪያልቅ ባለበት ይቆያል፤ እሱ ግን ሌላ ሥራ ስለያዘ ከዚያ በኋላ ምንም የሚነካው ነገር እንደሌለ ቁርጡን ነገረን። ቁልፉን ለጽሕፈት መሣሪያ ሻጩ አስረከብን። ያኔም ቢሆን የኔታ አልተቆጡም፤ ጠረጴዛውን ጠርገው ወጡ።

ኢንተርኔት ሲመለስ የመጀመሪያው ሰሞን ነው። በያጁ በልጃቸው ስልክ አስደውለው ሁለታችሁንም እፈልጋችኋለሁ ብለው ላኩብን። ሄድን። ብየዳ ቤቱ ቀዝቅዟል፤ ተሠርተው ያልተወሰዱ በሮች ግድግዳው ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ማሽኑ በሸራ ተሸፍኗል። ያን ቀን የነበሩት አግዳሚ ወንበሮች ላይ የተቀመጥነው ሁለታችን ብቻ ነን።

በያጁ ለልጃቸው «አንብቢላቸው» አሏት። ልጅቱ ስልኳን አውጥታ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። እኔ ያነሣሁት ፎቶ ከላይ አለ፤ እሳቸው ገለባ እንደለበሱ። «ራሳቸውን በራሳቸው ያስተማሩ ባለሙያ» የሚለው ላይ ስትደርስ «እዚህ ላይ አቁሚ» አሉ።

ከዚያ ወደ የኔታ ዞሩ። «መምህር፣ አባቴን የት አደረሱት?»

«ለእርስዎ ብዬ ነው ጋሼ» አሉ የኔታ። «ለልጅቱም ብዬ።»

«የሷ ነገር እኮ ያን ዕለት አልቋል» አሉ በያጁ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ደስ ባለኝ። «እርስዎ ሲያነቡ ሠርጉ ሲሄድ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ላስቆምዎ እጄን አንሥቼ ነበር። ግን አባቴ በሰው ፊት መምህር ሲባል፣ ታላቅ ሲባል፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ሰምቼ አላውቅም። ትንሽ ልስማው ብዬ እጄን መለስኩት። ልጄን የበደልኩት በዚያች በትንሿ ነው። ይህን ለሷም ነግሬያታለሁ።»

ልጅቱ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ አባቷን ታያለች።

«ይወጣል፣ ዓለም ያየዋል ብዬ ነበር የምጠብቀው» አሉ። «ሠርጉም ቀረ፣ አባቴም ቀረ። መልሱልኝ።»

የኔታ መነጽራቸውን አውልቀው ያዙት። ድርጅቱ እንደተዘጋ፣ ያን ገጽ ገብቶ ሊያርም የሚችል ሰው እንደሌለ ለበያጁ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አንዲት መስመር ለመጨመር ምን ያህል ያስቸግራል ብለው ጠየቁኝ። ብየዳ ቢሆን የአንድ አፍታ ሥራ ነው አሉ።

ከዚያ ወጥቼ ለኃላፊው ደጋግሜ ደወልኩ፤ ስልኩ አይነሣም። የኔታ የመጀመሪያውን ጽሑፍ በእጃቸው ገልብጠው በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ድሮው አድራሻ ላኩት። ማን እንደተቀበለው አናውቅም። እኔ ኔትወርክ ባገኘሁ ቁጥር ያን ገጽ እከፍተው ነበር፤ ከሥሩ ከሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ጎበዝ፣ የራሱ ጥረት ነው፣ ማንም ሳያስተምረው፣ እያሉ ያደንቋቸዋል። ገጹ እስከጠፋበት ቀን ድረስ በያጁ ከማንም ያልተማሩ ሰው ሆነው ቆዩ።